በሬ ያልገባበት መንደር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት የሚጓዝ ሰው በመስኮት የሚያየው ሁሉ የገበሬ እጅ የነካው መሬት ነው። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በርበሬ፤ ከማሳው ጥግ የባሕር ዛፍ ሰልፍ፤ ከባሕር ዛፉ ማዶ ደግሞ ሌላ ማሳ። ሞፈር ያልደረሰበት ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በዚያ ሁሉ እርሻ መካከል ግን፣ አንዳንዴ ከጉብታ ላይ አንዳንዴ ከወንዝ ዳር፣ ክብ ሆኖ የጠቆረ ዛፍ ብቅ ይላል። ወይራው፣ ዋንዛው፣ ጽዱ፣ ሾላው ተጠጋግቶ ቆሟል፤ ከጫፉ ላይ ጉልላት ያብለጨልጫል። መንገደኛው የደብሩን ስም ባያውቅ እንኳ ደብር መሆኑን አውቆ ያማትባል።

ያ ክብ ደን እስከ ዛሬ የቆየው ዘበኛ ተቀጥሮለት አይደለም። የአገሬው ሰው «የታቦቱ ነው» ስላለ ነው። ከታቦቱ ግቢ እንጨት የቆረጠ ሰው በልጁ ወይም በከብቱ የሚመጣበትን ይፈራ ነበር፤ ካልፈራም ጎረቤቱ ይፈራለት ነበር። እንዲህ ያለው ጥበቃ በየትኛውም ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አልወጣም። ካለፉት ስልሳ ዓመታት ወዲህ ግን መንግሥት በበኩሉ ቅርስን፣ ደንን፣ ሐይቅንና ገዳምን እጠብቃለሁ ብሎ አዋጅ ሲያወጣ፣ ቀጠና ሲከልል፣ መዝገብ ሲከፍት ቆይቷል። ሁለቱ ጥበቃዎች አንድ መንደር ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት ከጎጃም መውጣት አያስፈልግም። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በስተሰሜን፣ ባሕር ዳር ዙሪያ ጣናን በሚነካበት ጠርዝ፣ ዜጌ አለ።

ዜጌ በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ውስጡ ሰባት አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት አሉ፦ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ አቡነ በትረ ማርያም፣ መሐል ዜጌ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ሥላሴ፣ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖትና ፉሬ ማርያም። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው የመቅደሱን ዙሪያ የሸፈነውን ሥዕል በቀላሉ አይረሳውም። ከእነዚህ ደብሮች መካከልና ዙሪያ ግን ሰው ይኖራል፤ ካህኑ ባለትዳር ነው፣ ጎረቤቱ ቡና ለቃሚ ነው፣ ልጁ ተማሪ ነው። ዜጌ መነኮሳት ብቻቸውን የሸሹበት በረሃ አይደለም። በአንድ ግዝት ሥር የሚተዳደር መንደር ነው።

ግዝቱ እንዲህ ነው። በአካባቢው ትውፊት መንደሩን የባረኩት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። ጻድቁ በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ተከሉት፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። የተቀበሉት ቃል ኪዳንም ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያሰማራ ከእነዚሁ ፍሬ እንዲኖር ነው። ስለዚህ በዜጌ ጥማድ በሬ አይገባም፣ መሬት አይገለበጥም፣ ታላላቁ ዛፍ አይቆረጥም። ቡናው ከዋንዛው፣ ከብርብራውና ከሰሳው ጥላ ሥር ይበቅላል። በቀረው ጎጃም መሬቱ በሞፈር ተገላብጦ ሲራቆት ዜጌ ደን ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሳ ነው። ጀልባው ወደ ዳሩ ሲጠጋ የሚታየው ልዩነት ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ የሚያልፈው ነገር አለ፤ እኔ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ይመስለኛል። የማያርስ ሕዝብ እህል የለውም። የዜጌ ሰው እንጀራ የሚበላው ሌላ ሰው ባረሰው ጤፍ ነው። በባሕረ ገቡ መሬት አንገት ላይ ያለችው የአፋፍ ከተማ ለዚህ ነው ከጥንት ጀምሮ ገበያ የሆነችው፦ ከውስጥ ቡናና ጌሾ ይወጣል፣ ከውጭ እህል ይገባል። ጌሾው ለጠላ፣ ቡናው ለጀበና፤ በለውጡ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ። ግዝቱ በመንፈሳዊ ፍርሃት ብቻ የቆመ ሥርዓት አልነበረም። ግዝቱን የሚሸከም ገበያ ነበረው። አንድ ቤተሰብ በጓሮው ካለው ቡና የዓመት ቀለቡን መሸመት እስከቻለ ድረስ ቃል ኪዳኑን መጠበቅ ሃይማኖትም ነው፣ ኑሮም ነው። መሸመት ያቃተው ዕለት ግን ሃይማኖቱና ኑሮው ይለያያሉ።

የተለያዩትም በእኛው ዘመን ነው። የቡና ቦታ ከአባት ወደ ልጆች ሲተላለፍ ይከፋፈላል፤ አምስት ቤተሰብ ያኖር የነበረው ለአሥራ አምስት አይበቃም። የዜጌ ቡና ስሙ በባሕር ዳር የታወቀ ቢሆንም እንደ ይርጋ ጨፌ ወይም እንደ ሐረር በዓለም ገበያ ዋጋ የሚያስከፍል ስም አላገኘም። በሌላ በኩል ባሕር ዳር አደገች፤ ሠርግ በዛ፣ ጠላ ቤት በዛ፣ ምጣድ በዛ። ለዚህ ሁሉ እሳት ማገዶ ያስፈልጋል። ከደንገል የተሠራው ታንኳ ከዜጌ እንጨት ጭኖ ሐይቁን እያቋረጠ ከተማ መግባት የቆየ ትዕይንት ሆኗል። በእግር የሚወጣውን ደግሞ ሴቶች በጀርባቸው ያወጡታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ ዛፍ የሚቆርጠው የዜጌ ሰው ግዝቱን ስለናቀ አይደለም። ብዙዎቹ እየፈሩ ይቆርጣሉ፣ ጾም ውለው ይቆርጣሉ፣ ቆርጠው ንስሐ ይገባሉ።

መንግሥት በዚህ መሐል ምን አደረገ? ጥያቄውን በቅንነት ለመመለስ ትንሽ ወደኋላ መሄድ ይገባል፤ ምክንያቱም በጎጃም የመንግሥትና የመንፈሳዊ መንደር ግንኙነት ትናንት የተጀመረ አይደለም።

በድሮው ሥርዓት የነገሥታት ጥበቃ ማለት መሬት መስጠትና ግብር መተው ነበር። ደብር ጉልት ይተከልለታል፤ ካህናቱ ከጉልቱ ይበላሉ፤ ለቅዳሴና ለማኅሌት የሚቆመው ሰው ከባላገሩ ግብር ይኖራል። ከቡሬ በጥሊሊ አቅጣጫ ወደ ሰከላ የወጣ ሰው የሚደርስበትን ግሽ ዓባይን እንውሰድ። የዓባይ ምንጭና የግሽ ሚካኤል ደብር ያሉበት፣ አቡነ ዘርዐ ብሩክ የሚታሰቡበት ቦታ ነው። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1770 ደርሰውበታል። ብሩስ እንደጻፈው ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት የግሽን መንደር ለእሱ በግዛት ሰጥተውት ነበር። በመንደሩ የምንጩ አገልጋይ ተብሎ የሚጠራ፣ ሥልጣኑ በዘር የሚወረስ ሽማግሌም አግኝቷል። አንድ የተቀደሰ ምንጭና ጠባቂዎቹ በቤተ መንግሥት ቃል ለእንግዳ ሲሰጡ ማየት ዛሬ ያስገርማል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰዎች ዘንድ የመንደሩ ዕድል የሚለካው በአንድ ጥያቄ ነበር፦ አዲሱ ጌታ ስንት ይወስድብናል? ጥበቃ ማለት ሸክም መቅለል ማለት ነበር።

ዜጌም ከነገሥታቱ እጅ አልራቀችም። አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ይዘው ዜጌ ሰፍረው ነበር፤ የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምንና ባልደረቦቹን ያሰሩትም እዚያው ነው።

የጉልቱ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ተዘጋ። ለጎጃም ጭሰኛ ይህ ፍትሕ ነበር፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ለደብሮቹ ግን አዋጁ የኖሩበትን መተዳደሪያ ሲወስድ በቦታው የተካው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የገጠር ደብር የሚኖረው ከምእመኑ አሥራትና ስእለት፣ ከሰንበቴና ከግቢው ዛፍ ነው። በብዙ የምዕራብ ጎጃም ደብሮች ጥንታዊው ወይራና ዋንዛ በነበረበት ዳር ባሕር ዛፍ ሲተከል የምናየው ካህናቱ ዛፍ መለየት አቅቷቸው አይደለም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ ይሸጣል፤ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ለመሪጌታው ደመወዝ ይሆናል።

ይህንን ሁሉ ካልን በኋላ ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ የባህልና የታሪክ ቅርስን የመንከባከብ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ይጥላል። ቅርሱ ጸሎት የሚደረግበት፣ ጠባቂው መነኩሴ የሆነ እንደሆነ ሁለቱ አንቀጾች አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። የ1992ቱ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ይህን በር ለማለፍ የመረጠው መንገድ ቅርስን ዕቃና ሕንፃ አድርጎ ማየት ነው። ቅርሱ ይመዘገባል፤ ያለ ፈቃድ አይጠገንም፣ አይለወጥም፣ ከቦታው አይነሳም። ባለቤቱ በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊረዳው ይችላል። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ለመመደብ አስችሏል።

አዋጁን አላጣጥልም። የብራና መጻሕፍትና ጽላት በሌሊት እየተሰረቁ በሚሸጡበት አገር መዝገብና ቅጣት ያስፈልጋል። የጣና ገዳማት ዕቃ ቤቶችም ይህን አደጋ ከማንም በላይ ያውቁታል። ነገር ግን «በራሱ ወጪ» የሚለውን ቃል ይዘን ዜጌ እንግባ። ባለቤቱ ማን ነው? ሥዕሉ የደብሩ ነው፤ ደብሩን የሚጠብቀው ገበዙ ነው፤ ገበዙን የሚያበላው መንደሩ ነው፤ መንደሩን የሚያበላው ቡናው ነው፤ ቡናውን የያዘው ጥላው ዛፍ ነው። ሕጉ በዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያውን ቀለበት ብቻ ይዞ ይጠብቃል። የቀሩት ቀለበቶች የግብርና፣ የንግድ፣ የመሬት አስተዳደርና የማገዶ ጉዳይ ተብለው ለየጽሕፈት ቤቱ ተከፋፍለዋል፤ አንዱ ጽሕፈት ቤት ከሌላው ጋር ሲነጋገር አይታይም።

በሰኔ 2007 ዩኔስኮ የጣና ሐይቅን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሲመዘግብ እነዚህን የተከፋፈሉ ቀለበቶች የማገናኘት ተስፋ ነበረ። ጥብቅ ሥፍራው በጠቅላላው 695,885 ሄክታር ነው። ከዚህ ውስጥ 22,841 ሄክታር ምንም የማይነካበት ማዕከላዊ ቀጠና፣ 187,567 ሄክታር የከለላ ቀጠና፣ የቀረው 485,477 ሄክታር ደግሞ ሰው እየኖረ በጥንቃቄ የሚያለማበት የሽግግር ቀጠና ሆኗል። የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡም በዝግጅቱ ከክልሉ ጋር ሠርቷል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ከሁሉ ይልቅ መልካሙ ሰውን ከተፈጥሮ ሳይነጥል ማሰቡ ነው። እንዲያውም እኔ እንደምረዳው አቡነ በትረ ማርያም ዜጌን የከለሉት በዚሁ መንገድ ነበር፦ እዚህ አይታረስም፣ እዚህ ይለቀማል፣ እዚያ ይገበያያል። የዩኔስኮ ካርታ ስድስትና ሰባት ምዕት ዓመት ዘግይቶ ተመሳሳይ መስመር አሰመረ። ነገር ግን መስመር ማስመርና መስመሩን የሚያከብረውን ሰው ማኖር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የእምቦጭ አረም ከ2003 እና ከ2004 ገደማ ጀምሮ የሐይቁን ዳር ሲወር የመንግሥትና የሕዝብ ትኩረት ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ መዞሩም ተገቢ ነበር። ባሕረ ገቡ ላይ ያለው ቀስ ያለ መሳሳት ግን እንደ እምቦጭ በፎቶግራፍ አይታይም።

ጥበቃ መንደሩን ሲረሳ የት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት ከአማራ ክልል ሁለት ቦታ ላንሳ።

የመጀመሪያው ላሊበላ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ዝርዝር ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ መካከል ገብተዋል። ዙሪያቸው ድንጋይ ላይ ድንጋይ ተደርቦ የተሠሩ ክብ ቤቶች ያሉበት የካህናትና የምእመናን ሰፈር ነበር፤ ሽማግሌው ከእንቅልፉ ተነስቶ ጥቂት እርምጃ ሲራመድ ኪዳን ይደርሳል። በኋላ የቅርሱን ዙሪያ ለማጽዳትና ለመጠበቅ በዓለም ባንክ ብድር በተሠራው የቱሪዝም ፕሮጀክት ብዙ ቤተሰቦች ከዚያ ተነስተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። ለድንጋዩ የታሰበው ምክንያት እውነት ነበረው፤ የፍሳሽና የጭስ ጉዳት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቦታው በዚያን ጊዜ ከሰፈርነት ወደ ግቢነት ተለወጠ። ጥንታዊ ቤቶቹ ቆመዋል፤ ጭስ አይወጣባቸውም። ካህኑ አሁን ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ከሩቅ ይመጣል።

ሁለተኛው ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለው ወለቃ ነው። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር፤ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ የሚኖርበት፣ ሰንበቱን የሚጠብቅ፣ መስጊድ የሚባለው ጸሎት ቤቱ ያለበት። በዘመቻ ሙሴና በግንቦት 1983 በሁለት ቀን ከ14,000 የሚበልጥ ሰው ባነሳው ዘመቻ ሰሎሞን ሕዝቡ ወደ እስራኤል ሄደ። ዛሬ መንገደኛ ቆሞ የሸክላ ቅርጽ ይገዛል፤ ቤቱን ፎቶ ያነሳል። ወለቃን መንግሥት አላፈረሰውም፤ ሕዝቡን ከቦታው ያስለቀቀው የዘመናት ንቀት፣ የመሬት እጦት፣ ረሃብና የኢየሩሳሌም ናፍቆት ነው። መንደሩ ሲከበር ግን ባለቤቶቹ የሉም። እጃቸው ሥራ የሚያውቅ፣ መሬት ግን የተከለከሉ ሰዎች እዚያ ሳሉ ማን ጠበቃቸው? ይህን ጥያቄ ዜጌ ላይ እንዲህ ያለው ከመድረሱ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

በነገራችን ላይ ዜጌም የራሷ የተደበቀ ጥያቄ አላት። ሳይታረስ ይኖርባት የነበረችው ይህች የተቀደሰች ምድር ቡናዋ የሚለቀመው ለረጅም ጊዜ በባሪያ ጉልበት ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ዜጌ ባሳተመው መጽሐፍ የባሪያ ዘር የሚባሉ ቤተሰቦች እስከ ቅርብ ጊዜ በማዕድና በጋብቻ የሚገለሉበትን ሁኔታ ጽፏል። ቅርስ እንጠብቅ ስንል የምንጠብቀው ነገር ንጹሕ ብቻ ነው ብለን ልንዋሽ አይገባም። ዜጌን የምንከባከበው ከነታሪኳ ነው፤ ከገቢዋ የሚከፈለው ድርሻም እነዚህን ቤተሰቦች ከኋላ መጥራት የለበትም።

ሌላ አገር ምን አደረጉ? ከጎረቤታችን ከኬንያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በኬንያ የባሕር ጠረፍ የሚጂኬንዳ ሕዝቦች «ካያ» የሚሏቸው የተቀደሱ ደኖች አሏቸው። ጥንት በደኑ ውስጥ የታጠሩ መንደሮቻቸው ነበሩ፤ ሕዝቡ ከመንደሮቹ ወጥቶ በሌላ ቦታ ቢሰፍርም ደኑ የአባቶች መቃብርና የጸሎት ቦታ ሆኖ ቀርቷል። የኬንያ መንግሥት በእኛ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እነዚህን ደኖች ብሔራዊ ሐውልት ብሎ ሲመዘግብ ጠባቂዎቹን ሽማግሌዎች አላሰናበታቸውም። የደኑ ሥርዓት የሚነገረው በእነሱ አንደበት ነው፤ የመንግሥት መዝገብ ደግሞ መሬት ሻጭና ሆቴል ሠሪ ሲመጣ ፍርድ ቤት ይዘውት የሚገቡት ወረቀት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 አሥር የካያ ደኖች የዓለም ቅርስ ሆኑ። ችግር አልጠፋም፤ ግን ትክክለኛው ቅደም ተከተል ተገኝቷል፦ መጀመሪያ የማኅበረሰቡ ግዝት፣ ከኋላው የመንግሥት ክንድ።

ግሪኮች ደግሞ ከዚህ አልፈው ሄደዋል። የአቶስ ተራራ ከሃያ ገዳማቱ ጋር በግሪክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 105 ራሱን የሚያስተዳድር የአገሪቱ ክፍል ተብሎ ተጠቅሷል። የገዳማቱ የራሳቸው ሥርዓት በሕግ ይታወቃል፤ መንግሥት ያንን ይቆጣጠራል እንጂ አይተካውም። እንዲህ ያለ አንቀጽ ለዜጌ ይጻፍ አልልም፤ ባለትዳር የሚኖርበት መንደርና የመነኮሳት ሪፐብሊክ አንድ አይደሉም። የምለው ሕግ የሃይማኖት ማኅበረሰብን ሥርዓት ሳይወርሰው ሊያውቀው እንደሚችል ነው።

ስለ ጥበቃ ስናወራ አገሩ ያለበትን ሁኔታ ዘለን ማለፍ አንችልም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል የተነሳው ጦርነት ጎጃምን ከመሐል ያዘ። በነሐሴ 7 ቀን 2015 በፍኖተ ሰላም ከተማ በድሮን ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች እንደተገደሉ የደረሰውን መረጃ ጠቅሶ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ገልጿል። ከዚያ ወዲህ ቱሪስት የለም ማለት ይቻላል። ለዜጌ ይህ ማለት ለደብሩ የሚከፈለው የመግቢያ ገንዘብ፣ የጀልባው ኪራይ፣ የአስጎብኚው ልጅ የቀን ገቢ፣ የትንንሽ ታንኳ ቅርጽ ሽያጭ ቆመ ማለት ነው። ለደንና ለሥዕል የቀረው ብቸኛ የገንዘብ ምንጭ ደረቀ። ቅርሱን እንዲጠብቅ በሕግ የታዘዘው መንግሥት በዚያው አገር ተዋጊ ወገን ሲሆን ገበሬውም ካህኑም የመንግሥትን መኪና ሲያዩ ቀድመው የሚያስቡት ስለ ቅርስ አይደለም። ይህን ሳይናገሩ ስለ ባዮስፌር ቀጠና መናገር ሕዝቡን መርሳት ይሆናል።

ጦርነቱ ባመጣው የመንገድ መዘጋት ከተጎዱት መካከል ማንም የማይቆጥራቸው የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ቤት ስማቸው ከዋድላ ጋር ይጠራል። ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። የሚያገኘው ቁራሽ ለአንድ ትምህርት ቤት የተመደበ በጀት ነው። የገጠሩ መንደር ሲደኸይ ወይም ሲሸሽ ቅኔ ቤቱ ይዘጋል፤ የኔታ በዛፍ ሥር ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ጥምቀት በ2012 የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሲባል ሁላችንም ደስ አለን። ቅኔ ግን ከመንደሩ ቁራሽ ተነጥሎ የሚመዘገብበት ዝርዝር ቢገኝ እንኳ ምን ይጠቅመዋል? የጎጃም መንፈሳዊ ሀብት ሁሉ፣ ዜጌም ዋሸራም ግሽም፣ በዚህ ነጥብ አንድ ናቸው፦ ቅርሱን ያቆየው እህል የሰጠ ሰው ነው።

ስለዚህ ለዜጌ የሚታሰበው ጥበቃ ከአፋፍ ገበያ ቢጀምር እመርጣለሁ። ቡናው ስም ይፈልጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋ ጨፌን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ድረስ ሄዳ ተከራክራ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ያኔ የታየው ብልሃት ለዜጌም ይሠራል፤ በግዝት የተጠበቀ ደን ውስጥ፣ ሳይታረስ የበቀለ ቡና ብሎ የሚሸጥ አገር ብዙ አይደለም። ዋጋው ቢጨምር ዛፉን የሚያቆመው ራሱ ባለ ቡናው ይሆናል። ሁለተኛ፣ ግዝቱ ራሱ በሽማግሌዎቹና በካህናቱ ቃል ተጽፎ በወረዳውና በክልሉ የመሬት አስተዳደር ሊታወቅ ይገባል፤ ማን ይቆርጣል፣ ማን ያስፈቅዳል፣ የደረቀው እንጨት የማን ነው የሚለው ዛሬ በቃል ብቻ ያለ ነው፤ በክርክር ጊዜ ደግሞ ቃል በወረቀት ይሸነፋል። ሦስተኛ፣ «በራሱ ወጪ» የሚለው ግዴታ የሚሸከመው ማን እንደሆነ አዋጁ ሲሻሻል ቢጤን፤ መንግሥት ሊረዳ ይችላል የሚለው ቃል ወደ ይረዳል ቢለወጥ አንድ ቃል ብዙ ያድናል። በባሕር ዳር በኩል ደግሞ ማገዶው የሚሸጥበትን ከተማ ሳይነኩ ታንኳውን መቅጣት ከንቱ ነው። ሴቲቱን ሸክሟን አስጥሎ መመለስ ቀላል ነው፤ በሁለተኛው ቀን በሌላ መንገድ ትመጣለች፣ ልጆቿ በልተው ማደር አለባቸውና።

ባሕር ዳር እንጀራ የሚጋገርባት ከተማ ናት። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤተሰብ ወደ ማገዶ ይመለሳል፤ ምጣድ መግዛት ያልቻለው ከማገዶው ተለይቶ አያውቅም። ማገዶው ሲታሰር፣ ሲሸጥ፣ ሲፈለጥ ከየት እንደመጣ የሚናገር ምልክት የለውም። እኔም በዚያች ከተማ ብዙ ጊዜ እንጀራ በልቻለሁ። ምጣዱን ያሰማው እንጨት የብርብራ ይሁን የሰሳ፣ ከማን ጓሮ ይሁን ከየትኛው ታቦት ጥላ፣ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።